የአንድ ቀን ፍርሃትና የብዙ ዓመት ኑሮ

ለዚህ የቤተ ሰብ ገጽ ከሚደርሱት ደብዳቤዎች የሚበዙት ስለ ልጆች አስተዳደግ፤ ስለ ቤት አያያዝና ስለ ጋብቻ የሚጠይቁ ናቸው። በዚህ ሰሞን የደረሰን አንድ ደብዳቤ ግን ከነዚያ የተለየ ሆኖ አገኘነው። ጥያቄውም የአንድ ቤት ጥያቄ ብቻ እንዳልሆነ ስለ ተረዳን፤ የጸሐፊዋን ስምና ሰፈር ሸሽገን በዚህ ዐምድ ልንመልስላቸው ወደድን።

ደብዳቤውን የጻፉልን ወይዘሮ በዕድሜ የገፉ እናት ናቸው። ሴት ልጃቸው በስዊድን አገር በስቶክሆልም ከተማ ሥራ ይዛ ትኖራለች። ዕድሜዋ 34 ዓመት፤ ቁመቷ 1 ሜትር ከ60 ሳንቲ ሜትር፤ ክብደቷ 110 ኪሎ ነው። የስኳር በሽታ ከያዛት አራት ዓመት ሆኗታል። ምግብ በመቀነስም በእግር በመሄድም ብዙ ጊዜ ሞክራ፤ ጥቂት ኪሎ ከቀነሰች በኋላ ተመልሶ መጥቶባታል። አሁን ሐኪሞቿ ጨጓራዋን በቀዶ ጥገና አሳንሰው ክብደቷን ሊቀንሱላት እንደሚችሉ ነግረዋታል። እርሷም ለእናቷ፤ «እማዬ፤ እኔስ ቈርጫለሁ፤ ነገር ግን ያለ ምርቃትሽ ከሐኪሞቹ አልጋ ላይ አልወጣም» ብላ ጽፋላቸዋለች።

እናትየዋም ለእኛ እንዲህ ይላሉ። «እንቢ ብላት በስኳሩ ትሞትብኛለች፤ እሺ ብላት በቢላዋው ትሞትብኛለች። ብትተርፍስ ምን ልትበላ ነው? የልጅ ልጅ ሳላቅፍ ልቀር ነውን? ይህን ሁሉ መከራ ካየች በኋላ ውፍረቱ ቢመለስባትስ? ከስታ ወደ አገሯ ስትገባ ጎረቤት ታማ ነው ቢል ምን እመልሳለሁ? እባካችሁ፤ ልመርቃት ወይስ ልከልክላት?»

እኛ ሐኪሞች አይደለንም። ዘመናችንን ያሳለፍነው በችሎት ተቀምጠን የከሳሽን፤ የተከሳሽንና የምስክርን ቃል በመጻፍ ነው። ይህ ሥራ ያስተማረን ነገር ቢኖር፤ ፍርሃት ከሳሽ ሊሆን ይችላል እንጂ ምስክር ሊሆን እንደማይችል ነው። ከሳሹን ሰምቶ ምስክሩን ሳይጠይቅ የሚፈርድ ዳኛ ይሳሳታል። ስለዚህ የወይዘሮዋን ፍርሃት ሳንንቅ፤ ሐኪሞች በብዙ ዓመት ምርመራ ያገኙትን ምስክርነት በየተራው እናቀርብላቸዋለን። ዓመቶቹን የምንቈጥረው እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

አስቀድመን ስለ ውፍረት ራሱ እንናገር። በአገራችን ደልደል ያለ ሰውነት የምቾትና የክብር ምልክት ሆኖ ኖሯል። ዘመድ ከዘመድ ሲገናኝ «ወፍረሃል፤ ተመችቶሃል» ማለት ምስጋና ነው፤ «ምነው ከሳህ?» ማለት ግን የሐዘኔታ ቃል ነው። በሌላ ወገን ደግሞ ውፍረቱ ከልክ ያለፈውን ሰው ሆዳም፤ ሰነፍ እያለ የሚሰድብ አይጠፋም። ሁለቱም ፍርድ ልክ አይደለም። የሰው ክብደት ከወላጅ በሚወረስ ጠባይ፤ በኑሮው፤ በምግቡ፤ በእንቅልፉ፤ በሚወስደውም መድኃኒት ይለዋወጣል። ሰውነትም አንድ ጊዜ ከወፈረ በኋላ የለመደውን ክብደት እንዳይለቅ ይታገላል፤ ምግብ ሲቀነስበት ረኃቡን ያበዛል፤ ኃይሉንም ይቈጥባል። እንግዲህ ልጅቱ ከቀነሰች በኋላ የተመለሰባት በስንፍናዋ ነው ብሎ መፍረድ አይገባም።

ሐኪሞች የሚመዝኑበት ሒሳብ ቀላል ነው። ቁመትን በሜትር ወስዶ በራሱ ማባዛት፤ ከዚያም ኪሎውን በተገኘው ቁጥር ማካፈል ነው። ለዚች ልጅ 1.60 በ1.60 ሲባዛ 2.56 ይሆናል፤ 110 ለ2.56 ሲካፈል 43 ያህል ይመጣል። ከ18.5 እስከ 25 ያለው ጤናማ ይባላል፤ ከ30 በላይ የሆነው ከመጠን ያለፈ ውፍረት ይባላል። በ1991 ዓ.ም. በአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋም የተሰበሰቡት ሊቃውንት ቀዶ ጥገናው 40 ለሞላው ሰው፤ ወይም 35 ሞልቶ በውፍረት የሚብስ ከባድ በሽታ ላለበት እንዲሆን መክረው ነበር። በ2022 ዓ.ም. የዚህ ሙያ ማኅበራት ወሰኑን ዝቅ አድርገው 35 ለሞላው ሁሉ፤ የስኳር በሽታ ላለበት ደግሞ ከ30 ጀምሮ ሊመከር እንደሚገባው ጻፉ። ስለዚህ የወይዘሮዋ ልጅ በአሮጌውም በአዲሱም ሚዛን ብትመዘን ሐኪሞቿ በከንቱ እንዳልጠሯት ይታያል።

አሁን ስለ ሥራው እንናገር። ዛሬ ከሚበዙት ዓይነቶች አንደኛው፤ ከጨጓራው ከመቶ 75 እስከ 80 ያህሉን ቈርጦ አውጥቶ የቀረውን እንደ ጠባብ እጅጌ ማድረግ ነው። የወጣው አይመለስም፤ አንዳንድ ሰው ላይም ቃር ያመጣል ወይም የነበረውን ያብሳል። ሁለተኛው ዓይነት ከጨጓራው ራስ የእንቁላል ያህል ትንሽ ከረጢት ለይቶ ከትንሹ አንጀት ጋራ ማገናኘት ነው። ምግቡ የቀረውን ጨጓራና የአንጀቱን መጀመሪያ ሳይነካ ያልፋል። ሁለቱም ሆድን ማጥበብ ብቻ ሳይሆን፤ ከጨጓራና ከአንጀት ወደ አእምሮ የሚሄደውን የረኃብና የጥጋብ መልእክት ስለሚለውጡ፤ ያ ሰውነት ክብደቱን እንዳይለቅ የሚያደርገው ትግል ይበርዳል። ጥቅሙ የሚመጣው በይበልጥ ከዚህ ነው።

ስለዚህ ሕክምና የሚነገረው አሮጌ ፍርሃት ግን ከሜዳ የመጣ አይደለም። በ1954 ዓ.ም. በአሜሪካ በሚኒሶታ የነበሩ ሐኪሞች የትንሹን አንጀት አብዛኛውን ክፍል ምግብ እንዳያልፍበት አድርጎ ማገናኘትን ለዓለም አስታወቁ። በዚህ መንገድ ሰዎች ከሱ፤ ዳሩ ግን ብዙዎቹ በጉበት በሽታ፤ በኩላሊት ጠጠርና በማያቋርጥ ተቅማጥ ስለ ተሠቃዩ ያ ሥራ ተተወ። በ1966 ዓ.ም. ዶክተር ኤድዋርድ ሜሰን በአዮዋ ዩኒቨርሲቲ ጨጓራውን ራሱን የመክፈሉን መንገድ ጀመሩ። በ1994 ዓ.ም. ደግሞ ሆድን በሰፊው ሳይቀዱ፤ በጥቃቅን ቀዳዳ ካሜራና መሣሪያ አስገብቶ ይህንኑ መሥራት እንደሚቻል ታትሞ ወጣ። የፊተኛውን ታሪክ የሰማ ሰው ቢፈራ አይፈረድበትም፤ ነገር ግን የፊተኛውን ጥፋት በኋለኛው ላይ ጭኖ መክሰስ ከፍርድ ደንብ ውጭ ነው።

ወይዘሮ ሆይ፤ አሁን ከሁሉ አስቀድመው ወደሚፈሩት ነገር እንምጣ። ከዚያ አልጋ ላይ ሳይነሡ የቀሩ ሰዎች አሉን? አዎን፤ አሉ። በ2009 ዓ.ም. በአሜሪካ በታተመ ምርመራ ይህ ቀዶ ጥገና ከተደረገላቸው 4,776 ሰዎች ውስጥ በ30 ቀን የሞቱት ከሺህ ሦስት ያህል ነበሩ። ልጅዎ በምትኖርበት በስዊድን በተደረገው ትልቅ ምርመራ ደግሞ ከ2,010 ሰዎች በ90 ቀን ውስጥ 5 ሞተዋል። ምክንያቱ ብዙውን ጊዜ የስፌቱ መሾለክ፤ የደም መፍሰስ፤ ወይም ረግቶ ወደ ሳንባ የሚሄድ ደም ነው። አደጋው ጥቂት ነው ስንል ለነዚያ አምስት ቤቶች ኀዘኑ ሙሉ እንደ ነበረ አንዘነጋም። ቢሆንም ፍርሃት የሚያሳየን ግማሽ ሞት ግማሽ ሕይወት የሆነ ሚዛን እውነተኛው ሚዛን አይደለም።

ይህ የስዊድን ምርመራ ከሁሉ ይልቅ ሊሰማ የሚገባው ምስክር ነው፤ የተመለከተው የአንድ ቀንን ነገር ሳይሆን የብዙ ዓመትን ኑሮ ነውና። በፕሮፌሰር ላርስ ሾስትሮም መሪነት ከ1987 ዓ.ም. ጀምሮ ከ4,000 የሚበልጡ ወፍራም ሰዎች ተመዘገቡ። እኩሌታዎቹ ቀዶ ጥገና ተደረገላቸው፤ እኩሌታዎቹም በየሐኪም ቤታቸው የተለመደውን ምክርና ሕክምና አገኙ። ከዚያ በኋላ ሁለቱን ወገኖች ዓመት ከዓመት እየተከታተሉ መዘገቡ። ሰዎቹን የከፈሏቸው በዕጣ እንዳልነበረ፤ ያን ጊዜም የሚበዛው የቀዶ ጥገና ዓይነት ከዛሬው የተለየ እንደ ነበረ ሳንሸሽግ እንናገራለን፤ የምስክርን ጉድለት መሸሸግ ጸሐፊን ያስነውራልና።

ምስክርነቱም እንዲህ ነው። ቀዶ ጥገና ያልተደረገላቸው ሰዎች ክብደት በ10 ዓመት ውስጥ ከነበረበት ብዙ አልተለወጠም። ጨጓራቸው ተከፍሎ ከአንጀት ጋራ የተገናኘላቸው ግን በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ከክብደታቸው ከመቶ 32 ያህል ቀነሱ። ከዚያ በኋላ ጥቂቱ ተመለሰባቸው፤ በ10ኛው ዓመት ከመቶ 25 እንደ ቀነሱ ተገኙ። ይህን በልጅዎ ክብደት ብንቈጥረው፤ ከ110 ኪሎ ወደ 75 ወርዳ፤ ኋላ ወደ 82 ወይም 83 ትመለሳለች ማለት ነው። ይህ አማካይ ነው፤ ከዚህ የሚሻልም የሚከፋም አለ። እንግዲህ ልጅዎ በትምህርት ቤት ፎቶግራፍዋ ላይ የሚያዩዋት ቀጭን ልጅ ሆና አትመለስም። ጥቂት ኪሎ የተመለሰባት ቀን እርሷም እርስዎም «ሁሉ ከንቱ ሆነ» እንዳትሉ ይህን ዛሬ ማወቅ ይገባል።

ስለ ስኳር በሽታው ደግሞ፤ በሽታው ከነበረባቸውና ቀዶ ጥገና ከተደረገላቸው ውስጥ በ2ኛው ዓመት ከመቶ 72ቱ በሽታው ለቋቸው ተገኙ። በ15ኛው ዓመት ግን ለቋቸው የቀሩት ከመቶ 30 ነበሩ። ቀዶ ጥገና ካልተደረገላቸው ወገን በ15ኛው ዓመት በሽታው ለቋቸው የተገኙት ከመቶ 6 ወይም 7 ብቻ ነበሩ። የለቀቀው በሽታ ሊመለስ እንደሚችል እናያለን፤ ነገር ግን ያለ በሽታ ያለፉት ዓመታት ለዓይን፤ ለኩላሊትና ለልብ ትልቅ ዕረፍት ናቸው።

ስለ ዕድሜም በ2020 ዓ.ም. የታተመው የመጨረሻው ሒሳብ፤ ቀዶ ጥገና የተደረገላቸው ሰዎች ካልተደረገላቸው በ3 ዓመት ያህል የበለጠ እንደሚኖሩ አሳየ። ዳሩ ግን ከተራው ሕዝብ ጋራ ሲነጻጸሩ አሁንም በ5 ዓመት ተኩል ያህል ያንሱ ነበር። ሦስት ዓመት ለእናትና ለልጅ ጥቂት አይደለም። ነገር ግን ይህ ሕክምና ዕድሜን የሚያድስ ተአምር አይደለም፤ በከባድ በሽታ ላይ የሚሰጥ ጠንካራ እርዳታ ነው።

አንባቢዎቻችን እንዲያስተውሉት የምንወደው ዋና ነገር ይህ ነው። ሰው ሁሉ የሚፈራው ቢላዋውን ነው፤ ቢላዋው ግን የአንድ ቀን ነገር ነው። ሊፈሩትና ሊዘጋጁበት የሚገባው ከዚያ በኋላ ያለው ዘመን ነው። ያም ዘመን የሐኪሞቹ ሥራ ብቻ ሳይሆን የቤተ ሰብም ሥራ ነው።

መጀመሪያ ስለ ምግብ። ከቀዶ ጥገናው በኋላ ለጥቂት ሳምንታት የሚበላው ፈሳሽና ልል ነገር ነው። ከዚያም ቀስ በቀስ ወደ ቤቱ ምግብ ይመለሳል። እንጀራም ለዘላለም የተከለከለ አይደለም፤ ነገር ግን በትንሽ በትንሹ፤ እጅግ አላምጦ፤ ውኃውንም ከምግቡ ለይቶ መሆን አለበት። አብዝቶ ወይም ቸኩሎ የበላ ያስመልሰዋል። ማርና ስኳር የበዛበት ነገር፤ ይልቁንም አንጀቱ ለተገናኘለት ሰው፤ ላብ፤ የልብ ምትና መዝለፍለፍ ያመጣበታል። ጠጅና አረቄም ከቀድሞው ፈጥኖ ወደ ደም ይገባል፤ ከዚህ ቀዶ ጥገና በኋላ በመጠጥ ሱስ የተያዙ ሰዎች እንዳሉ በምርመራ ስለ ተረጋገጠ ይህን እንደ ቀልድ ማየት አይገባም። ሲጋራም የተገናኘውን ስፍራ ያቈስላል፤ ሕመም ለማስታገስ በየሱቁ ከሚሸጡት ክኒኖችም እንዲሁ የሚያቈስሉ ስላሉ ሐኪም ሳይጠይቁ መዋጥ አይገባም።

ሁለተኛው ነገር፤ እንደዚህ ያለው ሆድ ከምግብ የሚያገኘው ቪታሚንና ማዕድን ስለማይበቃው፤ ሰውየው ቪታሚን ቢ12፤ ብረት፤ ካልሲየምና ቪታሚን ዲ እስከ ዕድሜው ፍጻሜ መውሰድና ደሙን በየጊዜው ማስመርመር አለበት። ይህን የተወ ሰው ወዲያው አይታመምም፤ ከዓመታት በኋላ ግን ደሙ ያንሳል፤ አጥንቱ ይሳሳል፤ እጅ እግሩ ይደነዝዛል። ማስመለስ የማያቋርጥበት ሰው ደግሞ ቪታሚን ቢ1 አልቆበት በጥቂት ሳምንታት ውስጥ አእምሮው ሊጐዳ ስለሚችል ቀን ሳይቈጥር ወደ ሐኪም ይሂድ። ከዓመታትም በኋላ ድንገት ብርቱ የሆድ ቍርጠት ቢነሣ፤ አንጀት ተጠልፎ ሊሆን ስለሚችል በቤት ውስጥ በጤና አዳምና በዝንጅብል ማሳለፍ ትልቅ ስሕተት ነው።

በዚህ ላይ የእኛን አገር ሰው የሚመለከት አንድ ጉዳይ አለ። ቪታሚን ቢ12 በተፈጥሮ የሚገኘው ከሥጋ፤ ከዓሣ፤ ከወተትና ከእንቁላል ነው። በጾም ወራት እነዚህ ሁሉ የሚቀሩበት ሰው፤ ጨጓራው ሲያንስ ጉድለቱ እጥፍ ይሆንበታል። ገንቢ ምግብም ከምስር፤ ከሽምብራና ከባቄላ ብቻ በዚያች በትንሽዋ ሆድ መሙላት ይቸግራል። ስለዚህ ልጅዎ አስቀድማ ከሐኪሟ ጋራም ከነፍስ አባቷ ጋራም ትመካከር። በፍትሐ ነገሥታችን የጾም ሥርዓት ለሕሙማን ፈቃድ እንዳለው የተማረ ሁሉ ያውቃል፤ ካህናቱም በዚህ አያስጨንቋትም።

የልጅ ልጅ ስለ ማቀፍ ለጠየቁን ደግሞ የምንመልሰው የምሥራች ነው። ውፍረት ሲቀንስ የብዙ ሴቶች የወር አበባ ሥርዓት ይይዛል፤ የመፅነስም ተስፋቸው ይጨምራል። ሐኪሞች የሚመክሩት ከቀዶ ጥገናው በኋላ ከ12 እስከ 18 ወር ድረስ ሳይፀነስ እንዲቈይ ነው፤ ያ ዘመን ሰውነቱ የሚከሳበት ዘመን ስለ ሆነ ለጽንሱ አይመችምና። እንግዲህ አንድ ዓመት ተኩል መታገሥ ነው።

የነፍስ ነገርም ሊዘነጋ አይገባም። በአሜሪካ በዩታ ተደርጎ በ2007 ዓ.ም. በታተመ ምርመራ፤ ቀዶ ጥገና የተደረገላቸው ሰዎች በበሽታ የሚሞቱት እጅግ ቀንሶ ሳለ፤ በድንገተኛ አደጋና ራስን በመግደል የሚሞቱት ግን ካልተደረገላቸው ወፍራሞች በዝተው ተገኙ። ሰውነቱ የከሳ ሰው ኀዘኑ ሁሉ አብሮ ይከሳል ብሎ የሚጠብቅ ኋላ ሊደነግጥ ይችላል። ቈዳው ይንጠለጠላል፤ ጠጕሩ በመጀመሪያዎቹ ወራት ይረግፋል፤ ኋላም አብዛኛውን ጊዜ ይመለሳል። በባዕድ አገር ብቻዋን ለምትኖር ልጅ በነዚያ ወራት የእናት ድምፅ ከመድኃኒት አይተናነስም።

ያለ ቢላዋ መንገድ የለምን? የሚል አንባቢ ይኖራል። አለ። ሴማግሉታይድ የሚባለው በሳምንት አንድ ጊዜ የሚወጋ መድኃኒት በ2021 ዓ.ም. በታተመ ምርመራ ከክብደት ከመቶ 15 ያህል ቀንሷል። ዳሩ ግን መድኃኒቱን ያቋረጡ ሰዎች በአንድ ዓመት ውስጥ ከቀነሱት ሁለት ሦስተኛው ያህል ተመልሶባቸዋል። ስለዚህ እርሱም ረጅም ዘመን የሚጠይቅ ነው። ልጅዎ ይህን ሞክራ እንደ ሆነ፤ ካልሞከረችም ስለ ምን እንዳልሞከረች ሐኪሟን ትጠይቅ።

አሁን የራሳችንን ጥፋት ሳንሸሽግ እንናገር። ከጥቂት ዓመታት በፊት የአጎታችን ልጅ ከአሜሪካ ለዕረፍት መጥታ በቤታችን ተጋበዘች። ቀጥናለች፤ እኛም «ምነው እንዲህ ከሳሽ? ባዕድ አገር በላሽ» እያልን አዘንንላት። በማዕድም ጥቂት ቀምሳ እጇን ስትሰበስብ እንደ ልማዳችን «በሞቴ» አልናት። እንቢ ብትል ጊዜ «እኔ ልሙት፤ ይህችን ብቻ» ብለን ትልቅ ጕርሻ አጐረስናት። አንድ ጕርሻ ያጣላል ብለንም ሁለተኛውን ደገምን። ጥቂት ቈይታ ተነሥታ ወጣች። ባለቤታችን ተከትለዋት ቢሄዱ በጓሮ ግድግዳ ተደግፋ ስታስመልስ አገኟት። ቀዶ ጥገና ከተደረገላት ስምንት ወር ሆኗት ነበር። «ስለ ምን አልነገርሽንም?» ብንላት «ነውር መሰለኝ» አለችን።

ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደንም። ያጐረስናት በፍቅር ነበር፤ ነገር ግን ዝም ያሰኛት የእኛው አፍ ነው። ወፍራሙን ሆዳም፤ ቀጭኑን በሽተኛ እያልን ስንናገር የሰማች ልጅ ምሥጢሯን በየትኛው ጆሮ ታስቀምጥ? በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል፤ በሽታውን እንዲደብቅ ያደረገውስ ሰው ጥፋቱ አያንስም። ከዚያን ቀን ወዲህ በቤታችን ማንም እጁን ከማዕድ ሲሰበስብ በሞቴ አንለውም።

ስለዚህ፤ ወይዘሮ ሆይ፤ የጎረቤት ነገር አያስጨንቅዎ። «ታማ ነው?» ለሚል «ታማ ነበረ፤ ታክማለች» ይበሉት፤ ከዚህ የሚበልጥ መልስ የለብዎትም።

ልመርቃት ወይስ ልከልክላት? ብለው ለጠየቁን፤ ሰውነቱ የእርሷ ስለ ሆነ የመጨረሻው ፈቃድም የእርሷ ነው፤ የእርስዎ ድርሻ ከመከልከልም ከዝምታም የተሻለ ነው። ከምርቃቱ ጋራ እነዚህን ጥያቄዎች ይላኩላት። ሐኪሙ ይህን ሥራ በዓመት ለስንት ሰው ይሠራል? ከሁለቱ ዓይነት የትኛው ለእኔ ይሻላል፤ ስለ ምን? ከአምስትና ከአሥር ዓመት በኋላ ደሜን የሚመረምር፤ የሚከታተለኝስ ማን ነው? ስታመምና ስከፋ ማንን እጠራለሁ? ዋጋው ረክሶ ባገኙት ጊዜ ወደ ሦስተኛ አገር በርረው በሦስት ቀን ተሠርተው የሚመለሱ ሰዎች እንዳሉ እንሰማለን። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል፤ የሚከታተል ሐኪም የሌለው ቀዶ ጥገና ግማሽ ሕክምና ነው። ልጅቱ ለነዚህ ጥያቄዎች በቂ መልስ ካላገኘች ጥቂት ወር ብትታገሥ አይጐዳትም፤ ካገኘች ግን ፍርሃት ብቻውን አያስቀራት።

ከዚህ በኋላ አንዲት ደብዳቤ ይጻፉላት። «ልጄ ሆይ፤ እፈራለሁ፤ ነገር ግን ፍርሃቴን አንቺ ላይ አልጭንም። እግዚአብሔር የሐኪሞቹን እጅ ያቅና። መድኃኒትሽን ዋጥሽ ወይ ብዬ በየሳምንቱ እጠይቅሻለሁ፤ ሲከፋሽም በሌሊት ቢሆን ደውዪልኝ። ወደ ቤትሽ በመጣሽ ጊዜም በትንሽ ሰሐን አቀርብልሻለሁ፤ በቃኝ ስትዪም በቃ እልሻለሁ» ይበሏት። ልጅቱ ከእናቷ የምትጠብቀው ምርቃት ይህ ይመስለናል።

ሌሎቻችሁም ከውጭ የሚመጣ ዘመድ የምትቀበሉ አንባቢዎቻችን፤ እንግዳችሁ ወፍሮም ከስቶም ቢመጣ፤ ስለ ሰውነቱ ከመናገራችሁ በፊት እንደምን ከረምህ በሉት።